ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ

ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ናኪቩቦ ገበያ ውለን ወደ ቤቷ ወደ ሜንጎ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ካምፓላ ውስጥ ታክሲ የሚሉት ሚኒባሱን ነው። ዝናቡ ጠብ ሲል ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የተማከረ ይመስል መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋውና የእርጥቡ ልብስ፣ የደረቀው ዓሣ፣ የማንጎው ሽታና የሰዉ ትንፋሽ አንድ ላይ ታፈነ። እማዬ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጥቂት ታገሠች። ከዚያ ረዳቱን በገበያ ሉጋንዳዋ «ጉላዎ ኤዲሪሳ!» አለችው። መስኮቱን ክፈት ማለቷ ነው።

«ማማ፣ እየዘነበ እኮ ነው» አላት።

«ክፈት ብዬሃለሁ። ውኃ ነው፣ ይደርቃል።»

ረዳቱ እየሳቀ ከፈተው። ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች በአማርኛ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። «እኚህ ሴትዮ ሐበሻ መስለውኝ ነበር» አለ አንደኛው። ጓደኛው ደግሞ «መስኮት ይከፈት የሚል ሐበሻ የት አይተህ ታውቃለህ?» አለው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እማዬ ዞር አለችና «ሐበሻ ነኝ ልጆቼ፤ ከበረዳችሁ ተጠጋጉ» አለቻቸው። ልጆቹ ደንግጠው «ይቅርታ እማማ» እያሉ አቀረቀሩ፤ እስክንወርድ ድረስም ቀና አላሉም።

ልጆቹ ግን እውነታቸውን ነው። የእኛ ሰው ከነፋስ ጋር የቆየ ጠብ አለው። አንገት አልዞር ሲል ነፋስ ነው፤ ሆድ ሲነፋ ነፋስ ነው፤ ፊት ሲያብጥ፣ ወገብ አልታዘዝ ሲል፣ ልጅ ሲያነጥሰው ሁሉም የነፋስ ሥራ ነው። አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ሰው በላብ ተጠምቆ እያለ አንዱ መስኮት ቢከፍት ከፊትም ከኋላም «ኧረ ዝጋው፣ ልትጨርሰን ነው?» የሚል ይነሣበታል። እናቴ በዚህ ጉዳይ ከማንም የምታንስ አልነበረችም። እንዴት እንደተለወጠች ለመናገር ወደ አሥራ ሰባት ዓመቴ መመለስ አለብኝ። የተለወጠች መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል።

ካምፓላ የመጣነው እማዬ አንድ የኤምባሲ ቤተሰብ ዘንድ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጥራ ነው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ አርፏል። ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር እኛ ቀረን፤ እማዬ ሜንጎ ተዳፋቱ ላይ ቤት ተከራይታ ለሐበሻው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። አንዱ ክፍል ማብሰያችንና መቀመጫችን ነው፤ በሌላው እንተኛለን። ፊት ለፊት ጠባብ በረንዳ አለ፤ ከበረንዳው ወዲያ የአከራያችን የሙዝ ተክል፣ ዝናብ ሲመታው ድምፁ ከቆርቆሮው የሚብስ። እዚህ አገር ቤት ሲሠራ ከመስኮቱና ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ አየሩ ሁልጊዜ እንዲገባና እንዲወጣ ነው። የገባን ዕለት የእማዬ የመጀመሪያ ሥራ እነዚያን ቀዳዳዎች መወተፍ ነበር። ያገዟት ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ናቸው፤ አገር ቤት የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ፣ እዚህ ጋራዥ የሚሠሩ፣ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ራት እኛ ዘንድ የሚበሉ ሰው። ወንበር ላይ ቆመው ጨርቅና ጋዜጣ እየጠቀጠቁ «ግንበኛው ምን ነክቶት ነው ሳይጨርሰው የሄደው?» ሲሉ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ከኤችአይቪ ጋር ነው የተወለድኩት። እማዬ ይህን የነገረችኝ ልጅነቴን ልጨርስ ስል ነው፤ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ዕንባዋ ከየት እንደመጣ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒታችንን ከራት በኋላ አንድ ላይ መዋጥ ጀመርን። እሷ ክኒኗን እንደ መጠጥ ብርጭቆ ወደ እኔ ታነሣና «ለጤናችን» ትላለች፤ እኔም «ለጤናችን» እላለሁ፤ ከአንድ ማሰሮ ውኃ ቀድተን እናወራርዳለን። ሁለታችንም ያለን ነገር ስለሆነ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። እንዲያውም ሌላ ቤት የሌለ፣ የእኛ ብቻ የሆነ ወግ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ሳል ያዘኝ። እማዬ ነፋስ ነው አለች። ጋሽ መኮንንም ነፋስ ነው አሉ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለበት፣ ዝንጅብልና ማር ተፈላልኝ፤ እኔ ግን ልብሴ በላብ እየራሰ ከቀን ወደ ቀን መመንመን ያዝኩ። በመጨረሻ ተመርምሬ ቲቢ ነው ተባለ፤ ያውም መድኃኒት የተላመደው ቲቢ። የተለመዱት ክኒኖች አይበግሩትም ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ባጠረ ጊዜ፣ ያለ መርፌ፣ በሚዋጥ ብቻ እንደሚታከሙ ስሰማ ደስም ይለኛል፣ ትንሽም እቀናለሁ። ያኔ ከዓመት በላይ የሚፈጅ ነገር ነበር። መጀመሪያ ሆስፒታል ዋርድ ተኛሁ፤ ከዚያ ቤት ሆኜ ጠዋት ጠዋት ናጉሩ ያለው ክሊኒክ እየሄድኩ መርፌ እወጋለሁ፤ አንድ እፍኝ ክኒን ነርሷ እያየችኝ እውጣለሁ። የማታው የድሮ መድኃኒቴ እንዳለ ነው።

ነርሷ ሲስተር ናካቶ ትባላለች። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ስትስቅ ጭንብሏ ወደ ዓይኖቿ የሚወጣ ሴት ነበረች። እያንዳንዱን ክኒን ስውጥ «ይቺ አለፈች፣ ቀጣይዋ ትምጣ» እያለች እንደ ትራፊክ ፖሊስ ታሳልፋቸዋለች። ወደ ቤት ስመለስ ናኪቩቦ ላይ ታክሲ እቀይራለሁ፤ መንገድ ዳር በእንቁላል የሚጠቀለለው የሮሌክስ ቂጣ ሽታ፣ ድሮ ምራቄን የሚያስውጠኝ፣ መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ያስጠላኛል። አንዳንድ ቀን አፍንጫዬን ይዤ ነበር የማልፈው።

ከዋርዱ ወጥቼ ቤት የገባሁ ዕለት እማዬ አዲስ ሳሕን ገዝታ ጠበቀችኝ። ሰማያዊ አበባ ያለበት ነው፤ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ እሱ ያምር ነበር። «የራስሽ ነው» አለችኝ። እሷና ጋሽ መኮንን ከትሪው ሲበሉ እኔ ጥጌን ይዤ ከሳሕኔ በላሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እማዬ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን እየለየች ለኔ ታደርግልኛለች። ግን ጉርሻ ቀረ። ከተወለድኩ ጀምሮ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከእጇ ሳልቀበል ራት በልቼ አላውቅም ነበር። ኤችአይቪ ያልለየንን እናትና ልጅ አንድ ሳሕን ለየን።

ደግሞ መቆጣትም አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔም ፈርቼ ነበር። እማዬ የኔው ዓይነት ሰውነት ነው ያላት፤ ቲቢ ቢይዛት እንዴት እንደሚጎዳት ክሊኒክ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተወትፎ በዚያች ክፍል አብረን እንተኛለን። እሷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እንኳ እነቃለሁ። ምግቡ ከፍርሃቱ ጋር አብሮ አልወርድ ይለኛል፤ የወረደውንም መድኃኒቱ ይመልሰዋል። ሲስተር ናካቶ ሚዛን ላይ አቁማ ባየችኝ ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። «አክታሽ ጸድቷል፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «አንቺ ግን እያለቅሽ ነው። በሚቀጥለው ሚዛን ካልጨመርሽ ዋርድ ትመለሻለሽ።» ዋርድ ማለት ከእማዬ ተለይቶ መክረም ነው። ያን ዕለት የታክሲውን መስኮት ተደግፌ እያለቀስኩ ገባሁ።

በሳምንቱ ሲስተር ናካቶ ቤታችንን ልታይ መጣች። እማዬ ለእንግዳዋ አክብሮት ማቶኬ ሠርታ ነበር፤ የበሰለውን ሙዝ በበርበሬ አቁላልታው እሳት አስመስላዋለች። ሲስተር ወደ መኝታችን ገባች፤ ብርድ ልብሱን አየች፤ ቀና ብላ የተወተፉትን ቀዳዳዎች አየች። ምንም ሳትናገር ወንበር ስባ ወጣችና መጎልጎል ጀመረች። ጨርቅ ወጣ፣ ጋዜጣ ወጣ፣ በመጨረሻም አንድ ረጅም ቡናማ ካልሲ ወጣ።

«የማን ነው?» አለች ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

«የጎረቤታችን» አልኳት።

እማዬ ነፋሱ ሲገባ ወዲያው ሻርፗን ወደ ጭንቅላቷ ሳበች። «ምን እያደረገች ነው? ልጄን በነፋስ ልታስመታብኝ ነው?» አለችኝ።

አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ፤ የእማዬ ሉጋንዳ ከገበያ ወሬ አያልፍም፤ እንግሊዝኛም የላትም። ሲስተር ከወንበሩ ሳትወርድ አስረዳችኝ፤ ይህ በሽታ በታፈነ አየር ነው የሚተላለፈው፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እየጠረገ በላይ በኩል ያወጣዋል፤ መስኮት አጠገብ ያለ ሰው አዲሱን አየር መጀመሪያ ያገኛል። እኔ ለእማዬ «በሽታውን ነፋሱ ይዞት ይወጣል፤ መስኮቱ ሁልጊዜ ይከፈት ትላለች» ብዬ አሳጥሬ ተረጎምኩላት። ከዚያ ወደ ማብሰያው ክፍል ስንወጣ የሲስተር ዓይን ለብቻው የተቀመጠው ሰማያዊ ሳሕኔ ላይ አረፈ። «ይህስ?» አለችኝ። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ሳሕን አያስተላልፍም። መስኮቱን ዘግታችሁ ሳሕን ትለያያላችሁ! ለእናትሽ ንገሪያት፤ መስኮቱን ትክፈት፣ ከልጇ ጋር ግን አብራ ትብላ።»

የመስኮቱን ነገር ያለ ችግር ተርጉሜዋለሁ። ይህኛው ግን ከምንም በላይ የምፈልገው ነገር ስለነበር ከኔ አፍ ሲወጣ የፈጠርኩት ይመስላል ብዬ ፈራሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ «አብራችሁ ብሉ ትላለች» አልኳት።

«እሷ ናት ያለችው?»

«እሷ ናት እማዬ።»

«አንቺ ጨምረሽበት አይደለም?»

«አይደለም።»

እማዬ አንዴ እኔን አንዴ ሲስተርን አየች። ሲስተር ቃሉን ባታውቅም ነገሩ የገባት ይመስለኛል። በረንዳው ላይ ሰሌን አነጠፈች፣ እኔን አስቀመጠች፣ እጇን ታጥባ ሰማያዊውን ሳሕን ከማቶኬው ሞላችና ጎኔ ቁጭ አለች። ደጅ ነንና ጭንብሏን አወለቀች፤ ሙሉ ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጥርሷ ፍንጭት ነበር። ከሳሕኔ ዘግና ጎረሰች፤ እኔም ዘግኜ ጎረስኩ። በርበሬው አቃጥሏት ዓይኗ ዕንባ ሞላ፤ ግን አላቆመችም።

እማዬ በሩ ላይ እንደቆመች ስታየን ነበር። ከዚያ መጥታ በርከክ አለች፤ ጣቷ ላይ ያለውን ሽሮ እንኳ በቅጡ አልታጠበችውም። ከማቶኬው ጠቅለል አድርጋ ወደ አፌ አመጣችው። ጎረስኩ። ዋጥኩት። አልተመለሰም። ሦስታችንም ሳሕኑን ጠርገን በላን።

ማታ ጋሽ መኮንን ሲመጡ በረንዳው ላይ ከአንድ ትሪ ስንበላ አገኙን። እማዬ «የልጅቷ ነርስ ቀዳዳውን ሁሉ ከፈተችው፤ ካልሲዎትም ተገኝቷል» አለቻቸው። «ካልሲዬን የቀበርኩበት ቤት ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን እፈራለሁ?» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ሰማያዊው ሳሕን ያምራል ብለው ለራሳቸው ወሰዱት፤ ናይሮቢ ልጃቸው ጋ እስኪሄዱ ድረስም ፍራፍሬ ከሱ ሌላ በምንም አይበሉም ነበር።

እማዬ መስኮቱን ከፈተችው። ከመክፈቷ በፊት ግን አልጋዎቹን አዘዋወረች። የኔን ጎትታ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋች፤ የሷን ከመስኮቱ ሥር አደረገች። ከዚያ መስኮት ሲመሽ የከተማው መብራት ኮረብታ በኮረብታ ይታያል፤ ቦታውን ከድሮ ጀምሮ እመኘው ነበርና ለአፍታ ቅር አለኝ። ወዲያው ግን ደስታ ሞላኝ። ነርሷ መስኮት አጠገብ ያለ ሰው አዲሱን አየር መጀመሪያ ያገኛል ብላለች፤ እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ምንም የማትል ሴት፣ አሁን ስለ ራሷ አስባ ጥሩውን ቦታ ያዘች። እንግዲህ አልጎዳትም አልኩ። ያን ሌሊት ከዋርድ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ ምግቡ መውረድ ጀመረ፤ ሚዛኑም ወደ ላይ ሄደ፤ የዋርዱ ነገር ቀረ። ሲስተር ናካቶ ሌላ ቀን መጥታ አልጋዎቹን ስታይ «እናትሽ ብልህ ናት፤ ምርጡን ቦታ ለራሷ ይዛለች» ብላ ሳቀች። ይህን አልተረጎምኩትም፤ የምታውቀውን ነገር ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ነፋሱ ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አልወጣም። ጥቂት ቆይቶ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። እማዬ «አላልኩም?» ብላ ጥጥ ወተፈችልኝ። የመርፌው ጉዳት መሆኑ በምርመራ ታወቀና ሐኪሙ መርፌውን በሌላ ቀየረልኝ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም ትንሽ ይደክማል፤ ስልክ የማወራው በቀኜ ነው። ሕክምናውን የጨረስኩ ጠዋት ሲስተር ናካቶ የመጨረሻዋን ክኒን «ይቺም አለፈች» ብላ አሳለፈቻት። ስመለስ ናኪቩቦ ላይ ወረድኩና ሮሌክስ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ዘይቱ በክርኔ እየወረደ ሁለተኛም አዘዝኩ።

አሁን ሠላሳን ተሻግሬያለሁ። ናጉሩ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር እኖራለሁ፤ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። እማዬ ከሜንጎ አልወጣም ብላ እዚያው ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከታክሲው ወርደን ቤት ስንገባ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዝናቡ ገብቶ ትራሷን አርሶታል። አልጋው ያው እንደ ጥንቱ ከመስኮቱ ሥር ነው።

«እማዬ፣ ይህን አልጋ ወደ ውስጥ እናስገባው» አልኳት።

«ተይው፣ ለምጄዋለሁ።»

«ይበርድሻል እኮ።»

«ይበርደኛል እንጂ! መቼ ሳይበርደኝ ቀርቶ ያውቃል?»

«ታዲያ ያኔ ለምን እዚህ አደረግሽው?»

እንደ ጅል አየችኝ። «ያቺ ነርስሽ ይከፈት አለች። እሺ፣ እሷ ተምራለች፣ ይከፈት። ነፋስ ግን ነፋስ ነው። መምታቱ ካልቀረ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ፤ አንቺ ጋ ሲደርስ ይደክማል ብዬ ነዋ።»

እርጥቡ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት እናቴ አንድ ጊዜ እንኳ ለራሷ አደላች ብዬ ስደሰት ኖሬያለሁ፤ ያቺ ደስታ ናት እህል ያስዋጠችኝ። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችውን ነገር በደረቷ ልትቀበልልኝ ሻርፗን ተከናንባ መስኮት ሥር ተኝታ ኖራለች። ዓይኔ ዕንባ ሞላ፤ ሳቄም መጣ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ላንቺ ከቤቱ ሁሉ የሚሻለው ቦታ እሱ ነበር እኮ። ንጹሑ አየር መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ለተኛ ሰው ነው። በሽታው እንዳይዝሽ የጠበቀሽ እሱ ነው።»

መስኮቱን አየች፣ የኔ አልጋ የነበረበትን ግድግዳ አየች። ከዚያ የምሯን ተቆጣች።

«ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ነበር? እና እያወቅሽ ዝም አልሽ? አንቺን አስተኛሽ ነበር!»

ምን ብላት ቁጣዋ አልበርድላት አለ። ራት ስትሠራም ታጉረመርም ነበር። ከበላን በኋላ መድኃኒታችንን አወጣን፤ ውኃውን ቀዳሁ። እማዬ እንደተቆጣች፣ ፊቷን ሳታዞርልኝ፣ ክኒኗን ወደ እኔ አነሣች።

«ለጤናችን» አለች።